ከወሰን ድንጋዩ ሥር

ጸሐፊው ዘለላት።

የከተማውን በር ወጥተው የኤርላን ጅረት ድልድይ እየተሻገሩ ነበር። ጸሐፊው ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ ዘርግቶ፣ የቀለም ቀንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ እየተራመደ የምስክሮችን ስም ይጽፋል። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነና የድሮውን ወሰን በዓይኑ ያየ ሁሉ ይጻፋል ተብሎ እሑድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተነግሯል። አንካሳውን ባለወፍጮ ጻፈው። የደንቆሮውን አንጥረኛ ስም ጆሮው ላይ ጮኾ ጠየቀና ጻፈው። ባለፈው ሳምንት የገዛ ቤቱ በር ጠፍቶት ጎረቤት አልጋ ላይ የተገኘውን ንብ አናቢ እንኳ ጻፈው። ኦቲሊያ አጠገቡ ስትደርስ ግን ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ደመና ያይ ጀመር።

«እኔስ?» አለችው።

«እርስዎ ምን ሆኑ?»

«ስሜን አትጽፍም ወይ?»

«እማማ፣ የሚጻፈው እኮ ምስክር ነው።»

«እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ? ቅርጫት?»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ኦቲሊያ ደግሞ ሲሳቅባት የምታፍር ሴት አይደለችም፤ እልኋ ነው የሚነሣው።

«የጫካው ጥግ ድንጋይ ሲተከል እዚያው ቆሜ ተመትቻለሁ! የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባትህ ያኔ አልተወለደም፤ ባይወለድም ምን ይጎድል እንደነበር እግዜር ይወቅ።»

ከንቲባው ኤንድሬስ ከበቅሎው ላይ ዞር አለ። «እማማ ኦቲሊያ፣ መመታትዎን ማንም አልካደም። የሴት ልጅ ጥፊ ግን በሕግ አይቆጠርም።»

«ጥፊው ሲያርፍብኝ ወንድ ነሽ ሴት ብሎ አልጠየቀኝም፣ ጌታው።»

ኤርላሩት ውስጥ ወሰን የሚጠበቀው በዚህ ነው። ድንጋይ በተተከለ ቁጥር ልጆች ይወሰዳሉ፤ ድንጋዩ አጠገብ ቆመው ቦታውን በደንብ እዩ ይባሉና ዓይናቸው እሳት እስኪተፋ በጥፊ ይመታሉ። ለማባበያ አንድ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይሰጣቸዋል። ወረቀት ይቃጠላል፤ የተመታ ጉንጭ ግን አይረሳም። የሚወሰዱት ወንዶች ብቻ ነበሩ። የኦቲሊያ አባት፣ ሸክላ ሠሪው አምብሮስ፣ ወንድ ልጅ ስላልነበረው እሷን እጇን ይዞ ወሰዳት። ሰዉ ሲያጉረመርም፣ «ጉንጭ አላት» ብሎ ዝም አሰኘው።

ወረቀቱማ በእርግጥም ተቃጠለ። በሠላሳው ዓመት ጦርነት ወታደሮች የከተማውን አዳራሽ ከነመዝገቡ አነደዱት፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብም ሾጣጣ ቆቡን አጥቶ እንደተሰበረ ጥርስ ቀረ። ሰላም ከወረደ አራት ዓመቱ ነው። አሁን ደግሞ ከጅረቱ ማዶ ያለው መስፍን የባሉጡ ደን የእኔ ነው ብሎ ተነሥቷል። ደኑ ከሄደ ኤርላሩት አለቀላት። የተቃጠሉት ቤቶች የሚጠገኑት በዚያ እንጨት ነው፤ አሳማው በመከር የሚደልበው በዚያ ፍሬ ነው። በረሃቡ ዓመታት ሰዉም ያንኑ የአሳማ ፍሬ ፈጭቶ፣ ምሬቱን በውኃ አውጥቶ፣ ዳቦ ጋግሮ ነው ነፍሱን ያቆያት። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ተማምለው ተስማሙ፦ ዛሬ ወሰኑ በእግር ይዞራል፤ ድንጋዩ የቆመበት ወሰን ነው፤ የተጠራጠረ ካለ ሰባቱ ከፍተው ያያሉ።

ሰባቱ የተባሉት ለወሰን የማሉ ሰባት ሰዎች ናቸው። ከእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር የሸክላ ገሎች ይቀብራሉ፤ ምስክሮች ይሏቸዋል። ስንት እንደሆኑና እንዴት እንደተደረደሩ ለሚስት እንኳ አይነገርም። ድንጋይ በሚከፈትበት ዕለት ከሰባቱ በቀር ያለው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ድንበር ገፊ ድንጋዩን ቢገፋ እንኳ አደራደሩን አያውቅምና ይጋለጣል። ምስክሮቹን ማየት እንጂ ማንሣት አይፈቀድም። ምስክር ከመኝታው ያነሣ እጅ ይደርቃል፤ ነፍሱም የጋለ ድንጋይ ታቅፋ «የት ላኑረው?» እያለች በየማሳው ስትዞር ትኖራለች።

ከሰባቱ አንዱ ልጇ ኪልያን ነው። ከወለደቻቸው ስድስት ጦርነቱና ወረርሽኙ ያስተረፉላት እሱን ብቻ ነው። ባለፈው መከር ከሰባቱ አንዱ ሲሞት፣ ኦቲሊያ ራሷ ወደ አለቃቸው ወደ ሽማግሌው ፋይት ሄዳ፣ «የአያቱን ቦታ ለልጄ ስጡት፤ እጁ ንጹሕ ነው» ብላ ደጅ ጠንታለች። ይኸው አሁን አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እንደ በር መቃን ረዝሞ ከፊት ከፊት ይሄዳል። እሷም ከኋላው፣ በጨርቅ የቋጠረችውን ምሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ትከተላለች።

«ኦቲሊያ፣ ዛሬም ያንን ሳህን ይዘሽው ወጣሽ?» አላት ባለወፍጮው እያነከሰ። «ወሰን ልታዪ ነው ሳህን ልታሳዪ?»

«ቀናህ እንዴ? አንተን ልጅህ ምን ሰጠህ? ሳል ነው የሰጠህ።»

ሳህኑ እንደ ዝይ እንቁላል ነጭ ነው። ኪልያን ለፋሲካ ሠርቶ የሰጣት ነው። የኤርላሩት ሸክላ ቀይ ነው፤ ያም ጉድጓድ በጦርነቱ መጨረሻ ውኃ ሞልቶት ከቀረ ወዲህ የአባቷ እቶን ሦስት ዓመት ሙሉ ቀዝቅዞ ከርሟል። ነጭ ሸክላ ያለው ከመስፍኑ ኮረብታ ነው፤ ለውጭ ሰው ደግሞ አንዲት ጭብጥ መዝገን ክልክል ነው። አፈሩን ከየት አመጣኸው ስትለው፣ መንገደኛ ነጋዴ በማሰሮ ለውጦኝ ነው አላት። አመነችው። ጥርሱ ሲበቅል ጣቷን ያኘከውን ልጅ አፍ እንዴት ትጠራጠራለች? ከፋሲካ ወዲህ ሾርባዋን ከዚያ ሳህን በቀር አልጠጣችም፤ ጠጥታ ስትጨርስም እንደ ድመት ትልሰዋለች።

የመጀመሪያውን ድንጋይ ሁለቱም ወገን አይቶ አለፈ። ሁለተኛውንም። ዳገቱ ሲጀምር ኪልያን ወደ ኋላ ቀርቶ ጠበቃት።

«እማዬ፣ እዚህ ዛፍ ሥር አረፍ በይ። አቀበቱ ይጎዳሻል።»

«ይህን አቀበት የወጣሁት አንተ ሳትፈጠር ነው።»

«ጉልበትሽን አመመኝ ስትዪ አልነበር?»

«ጉልበቴ ላንተ ከሰሰ? ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።»

ዓይኑ ደረቷ ላይ ባለው ቋጠሮ ላይ አረፈና ሸሸ። የመስፍኑ ሰዎች አስፈርተውት ነው ብላ አዘነችለት።

የጫካው ጥግ ሲደርሱ የመስፍኑ ምስለኔ ቮልፍራም አመድማ ፈረስ ላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ጓንቱን አላወለቀም። ድንጋዩ ከምንጩ በታች፣ ሣሩ ላይ ቆሟል። ከምንጩ በላይ ያለው ደን በሙሉ፣ ባሉጡ ሁሉ፣ ከመስፍኑ ወገን ገብቷል።

ኦቲሊያ ባለችበት ቀጥ አለች። ምንጩ ከኋላዋ መሆን ነበረበት፤ ይኸው ከፊቷ ይንፎለፎላል።

«ይህ አይደለም» አለች። «ሰዎች፣ ቦታው ይህ አይደለም! አባቴ ሁለት ጆሮዬን ይዞ አንገቴን አዞረና፣ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ምን ይታይሻል አለኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ አልኩት። ያኔ ነው የመታኝ። እስቲ እዚህ ቁሙ፤ ግንቡ የታለ?»

«እትዬ» አላት ምስለኔው ፈገግ ብሎ፣ «ግንባችሁ ተቃጠለ ሲባል ሰምቼ ነበር። የሌለ ነገር ባይታይሽ ድንጋዩ ምን ያድርግሽ?»

የመስፍኑ ሰዎች ሳቁ። ይሁን፤ የጌታቸውን ዳቦ የሚበሉት ለዚህ ነው። የራሷ ከተማ ሰዎችም አብረው ሳቁ፤ እሱ ነው የቆጠቆጣት።

«የተቃጠለው ቆቡ ነው! አንገቱ ቆሟል!»

«በቃዎት፣ እማማ!» አለ ከንቲባው።

ሽማግሌው ፋይት ወደ ድንጋዩ ቀርቦ በጣቱ ዳበሰው፤ ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። «ድንጋዩ የእኛው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የከተማው ምልክት አለበት። እሷም ያለችውን ብላለች። ይከፈት።»

ሰባቱ ክብ ሠሩ፤ ሌላው ሁሉ ጀርባውን ሰጠ። ምስለኔው ፈረሱን አዞረ። ኦቲሊያም ዞረች። አካፋው መሬቱን ሲበላ ሰማች፤ ድንጋዩ ሲቃትትና ሲጋደም ሰማች። ከዚያ የልጇ ድምፅ።

«ምስክሮቹ በቦታቸው ናቸው። ቁጥራቸውም አደራደራቸውም ልክ ነው።»

ሌሎቹም ተራ በተራ «ልክ ነው» አሉ። ፋይት የመጨረሻ ነበር፤ የእሱ «ልክ ነው» ከጉሮሮው እንደ አጥንት ነው የወጣችው። ባለወፍጮው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ቀብር ላይ እንደሚወለቀው።

«እንግዲህ ጸሐፊ፣ ጻፍ» አለ ምስለኔው።

ኦቲሊያ ዞረች። ሌላ የዞረ የለም። ብቻዋን ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

«አንቺ ሴትዮ!» ከንቲባው ጮኸ፤ አክብሮቱም ከአፉ ወደቀ። «ዞር በይ! አብደሻል?»

«ስድሳ አምስት ዓመት ዞሬ ቆሜያለሁ። ይበቃኛል።»

«ኦቲሊያ» አላት ፋይት፣ «ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። እነዚህ የተተኮሱበት እቶን የአባቴ ነው። ጭቃውን በእግሬ የረገጥኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሚሆን አልነገረኝም እንጂ። አንዱን አስይዘኝ፣ ፋይት።»

«የሚያነሣው እጅ ይደርቃል።»

«ከዚህ ወዲያ ምን ሊደርቅ?» ብላ እጇን ዘረጋችለት። እንደ ወይን ሐረግ የተቆላለፈ እጅ።

ምስለኔው በጨዋታው ተደሰተ። «ተዋት፣ ታንሣ! ገሉን ምን ልታደርገው፣ ልትበላው ነው?»

ጎንበስ ብላ አንዱን አነሣች። ቀይ ነው። አገላበጠችው፤ ወደ አፏ ወስዳ ምላሷን አሳረፈችበት። ዙሪያውን የቆሙት በሳቅ ፈነዱ። ኪልያን ብቻ አልሳቀም። ሸክላ ሠሪ ገል ሲቀምስ ምን እንደሚያገኝ ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

የኤርላሩት ቀይ ሸክላ ምስማር ምስማር ይላል፤ ከተነከሰ ከንፈር እንደሚወጣ ደም። መቶ ዓመት ቢቀበር ያው ነው። ይህ ግን ላዩን ብቻ ቀላ። ከሥሩ ምንም አይልም፤ ምላስን ምጥጥ አድርጎ ይይዛል፤ እንደ ዱቄት ዝም ያለ ነው። ይህን ጣዕም አታጣውም። ከፋሲካ ጀምሮ ስትልሰው ነው የከረመችው።

ቀና ብላ ማየት አላስፈለጋትም። ግን አየችው።

«እማዬ» አላት ኪልያን በሹክሹክታ፣ «ቤት እንሂድ።»

በረሃቡ ዓመት የባሉጡን ዳቦ ከእጇ ሲቀበል «አንቺስ?» ይላት የነበረው በዚሁ ድምፅ ነው። ድንጋዩን ተደገፈች። «ጃጅቻለሁ፣ ተሳስቻለሁ» ብትል ማን ይጠራጠራታል? ጠዋት ከድልድዩ ጀምሮ ሁሉም ያንኑ ነው ሲላት የዋለው። አንዲት ቃል ነው፤ ልጇ ይድናል። ደኑ ይሄዳል። ብትናገር ደግሞ የድንበር ገፊ ሕግ ጥንት የተነገረ ነው፦ እስከ አንገቱ ተቀብሮ ማረሻ ይነዳበታል። ማረሻው በእሷ ዘመን አልተነዳም፤ ግን ስሙ ይፋቃል፣ እቶኑ ይፈርሳል፣ ከከተማው በር ወጥቶ በእሱ አይመለስም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የእሷ ሆድ ደግሞ ስድስት ይዞ ነበር፤ የቀረላት ይህ ነው።

«እህ፣ እትዬ?» አለ ምስለኔው። «ጣፈጠሽ?»

ኦቲሊያ ቋጠሮዋን ፈታች። ዳቦዋንና አይቧን ሣሩ ላይ አስቀመጠች። ነጩን ሳህን በሁለት እጇ ከፍ አደረገችና ከድንጋዩ ጋር አላተመችው።

«አይ!» አለ ኪልያን።

ከስብርባሪው አንዱን ያዘች። ገሉንም በድንጋዩ ጠርዝ ሰበረችው። ሁለቱን ስብራት ጎን ለጎን ፋይት አፍንጫ ሥር አመጣችለት፤ ከዚያ ለከንቲባው፤ ከዚያ ከፈረሱ ላይ ላለው።

«ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ። ኤርላሩት ነጭ ሸክላ ኖሯት ያውቃል? ይህ የመስፍኑ ጉድጓድ አፈር ነው፤ ቀይ ውኃ ተቀብቶ ነው የተተኮሰው። የሠራው ደግሞ...» የሳህኑን ስብርባሪ ጨበጠችው። «የሠራው ሳህኔን የሠራው ነው።»

ምስለኔው ጓንቱን አስተካከለ። «መስፍኑ ስለዚህ ነገር የሚያውቁት አንዳች የለም።»

«ማን ጠየቀህ?» አለችው።

ፋይት ወደ ኪልያን ዞረ። «አንተ ልጅ፣ በአያትህ ቦታ አስቀመጥንህ እኮ።»

ኪልያን አካፋውን ጣለ። «እቶኑ ሦስት ዓመት ቀዘቀዘ፣ አባባ ፋይት። እናቴም አብራው ቀዘቀዘች፤ ግድግዳ ስታይ ነበር የምትውለው። የመስፍኑ ሰዎች ከጉድጓዳችን ቆፍር አሉኝ። ድንጋዩን ጥቂት እርምጃ ብቻ ዝቅ አድርግልን አሉኝ። ጥቂት እርምጃ! ግን ምስክሮቹን አልነካሁም፤ በእግዜር እምላለሁ! የድሮዎቹ ተኝተው ባሉበት ናቸው። አንዱንም አላነሣሁም፤ አዲስ ሠራሁ እንጂ። መሐላዬን አላፈረስኩም።»

እውነቱን ነበር። ድንጋዩን በበረዶ ላይ ጎትቶ ያወረደው ሰው፣ አምስት ገል ከመሬት ማንሣት ፈርቶ ነበር። አንሥቷቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምላስም ጉንጭም ዋጋ አልነበረውም። መሐላውን ለሁለት ቆርሶ፣ ግማሹን በልቶ ግማሹን ያከበረ መሰለው።

«ለእናቴ ብዬ ነው» አለ።

«በእኔ አታሳብብ!» አለችው። «እኔ ከቀይ ሳህን በልቼ ነው ያሳደግኩህ። በደረቴ አቅፌ ከተማውን ሁሉ ያዞርኩት ውርደቴን ነበር። ስትሰጠኝ ደግሞ ሳምከኝ።»

ከዚያ በኋላ አላየችውም። ቀሚሷን ሰብስባ አቀበቱን ያዘች፤ ሰዉም ተከተላት። ምንጩን አለፈች። ባሉጡ መሐል ገባች። በየጥቂት እርምጃው ቆም ብላ፣ ጆሮዋን የያዘ ሰው ያለ ይመስል አንገቷን ወደ ከተማው ታዞራለች። ጉብታ ብቻ። ትወጣለች። አሁንም ጉብታ ብቻ። ባለወፍጮው ማለክለክ ጀመረ። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሲሆን፣ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል፣ እንደተሰበረ ጥርስ፣ ግንቡ ብቅ አለ።

ግራ ጉንጯ ሞቀ።

«እዚህ» አለች።

ቆፈሩ። በዚህ ጊዜ ዙሩ ያለ የለም፤ የዞረም የለም። ፋይት ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ይዳብስ ጀመር፤ ቆየ፤ ከዚያ ጣቱ አንድ ነገር ላይ ቆመ። ከተቀበረ ወዲህ ማንም አንሥቶት የማያውቀውን ነገር በገዛ እጁ አንሥቶ ለኦቲሊያ ሰጣት። ቀይ ገል። ስብራቱ እስከ ልቡ ቀይ። ላዩ ላይ የጣት አሻራ ታትሞበታል፤ ጭቃው ሳይደርቅ በአውራ ጣቱ የተጫነው ልጅ ነው፣ የሰባት ዓመት ግድም ልጅ። ኦቲሊያ አውራ ጣቷን አስጠጋችው። አልገባም። አድጋለች።

ከታች የፈረስ ኮቴ ተሰማ። ምስለኔው ደኅና ዋሉ ሳይል ሄደ።

ጸሐፊው ሰሌዳውን ታቅፎ አጠገቧ መጣ። ብዕሩን ከጆሮው አውርዷል። «እማማ ኦቲሊያ፣ ስምዎን...»

«ቆይ» አለችው። «ጠዋት አልቸኮልክም፤ አሁንም አትቸኩል። ድንጋዩ ይምጣ።»

ሁለት ሰዎች ሊያነሡት ወረዱ። ኦቲሊያ ከለከለቻቸው። «ብቻውን አወረደው፤ ብቻውን ያውጣው።» እናም ኪልያን ድንጋዩን በጀርባው አዘለው። አቀበቱን ሲወጣ ሁለቴ በጉልበቱ ወደቀ፤ ማንም እጁን አልዘረጋለትም። ሲደርስ ምስክሮቹ ወደ መኝታቸው ተመልሰው ነበር። ድንጋዩን ጉድጓዱ ውስጥ አቁሞ አፈሩን በእጁ መለሰበት። ቀና ሲል ፊቱ ጭቃ ብቻ ሆኗል።

ከንቲባው ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገ ሸንጎው ተሰብስቦ ይፈርዳል። እስከዚያ ድረስ...»

«ሸንጎው ነገ ነው» አለች ኦቲሊያ። «የእኔ ዛሬ ነው።»

ወደ ልጇ ሄደች። እስከ ደረቱ ነው የምትደርሰው።

«ዙር። በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ምን ይታይሃል?»

ኪልያን ዞረ። «ግንቡ።»

«በደንብ እየው።»

«አየሁት፣ እማዬ።»

ኦቲሊያ የቀኝ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች።

«እንቁላል አልያዝኩልህም» አለችው። «ጎንበስ በል፤ አልደርስብህም።»